እጅ የማያስነሣ ሸሚዝ

ቁም ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ የቀረ አንድ ሸሚዝ አለ። በእጄ የሰፋሁት ነው። ጨርቁ ደህና ጥጥ፣ ኮሌታው ግራና ቀኙ እኩል፣ የቁልፍ ቀዳዳዎቹ በ9 ሴንቲሜትር የተራራቁ፤ ገልብጠው ውስጡን ቢያዩት እንኳ አንድ የተንጠለጠለ ክር የለውም። እንዲህ ሆኖ ሳለ አይለበስም። ጠዋት እጅ ወደ ቁም ሣጥኑ ሲዘረጋ እሱን አልፎ ሌላ ያነሣል። ነገሩ ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ ቆየ። ቀለሙ ምንም እንከን አይወጣለትም። ልኩም ቢሆን መስታወት ፊት ሲቆሙበት ልክክ ይላል።

ምክንያቱ የታወቀው ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ ለማውረድ ሁለት እጅ ወደ ላይ ሲዘረጋ ነው። ሸሚዙ አብሮ ተነሣ። ከወገብ በላይ ተመዝዞ ወጣ፤ የእጅጌው ጫፍ ከአንጓ ሸሽቶ ወደ ክርን ተጠጋ፤ ትከሻው ወደ ጆሮ ወጣ። እጅ ሲወርድ ደግሞ ሸሚዙ በራሱ አልተመለሰም፣ እየጎተቱ ማውረድ ግድ ሆነ። በቀን ሠላሳና አርባ ጊዜ እጁን የሚያነሣ ሰው ሠላሳና አርባ ጊዜ ሸሚዙን ሊጎትት ነው ማለት ነው። ሰው ይህን ቁጭ ብሎ አይቆጥረውም። ሰውነቱ ግን ያውቀዋል፤ ጠዋት ሌላ ልብስ የሚያስመርጠውም ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ የዘወትር ልብስ መስፋትም ሆነ በኪሮሽ መሥራት ለእኔ ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል፦ ብብት ላይ።

መስታወት የማያሳየው

ልብስ ስንለካ ሰውነትን ቀጥ አድርገን እናቆማለን። እጅ ወደ ታች፣ እግር ገጠም፣ ትንፋሽ እንደልብ። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የእጅ ርዝመት። እነዚህ ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ስለ ቆመ ሰው ብቻ ነው። አሜሪካዊው ልብስ ሰፊ ኤበኔዘር በተሪክ በ1863 እ.ኤ.አ. በመጠን የተከፋፈለ የወረቀት ፓተርን፣ ማለትም ጨርቅ የሚቆረጥበትን ንድፍ፣ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ቤቱ የሚሰፋ ሰው ልብስ ከባዶ መንደፍ አይጠበቅበትም። ቢሆንም ፓተርኑ ላይ ያለው ሠንጠረዥ እስከ ዛሬ የቆመ ሰው ሠንጠረዥ ነው። የመቀመጥ፣ የማጎንበስ፣ የመድረስ ልኬት አምድ የለውም።

ለአንድ ምሽት የሚለበስ ልብስ ይህ ጉድለት ብዙም አይጎዳውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል፣ ይታያል፣ ይወልቃል። የዘወትር ልብስ ግን ልጅ ያነሣል፣ መሪ ይጨብጣል፣ ጫማ ያስራል፣ ስምንት ሰዓት ወንበር ላይ ይቀመጣል። አዲስ ሰፊዎች ሰፍተው ሰፍተው ቁም ሣጥናቸው «የምለብሰው የለኝም» የሚያሰኝባቸው በአመዛኙ እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ስፌታቸው ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው፤ የሰፉት ግን ለመስታወቱ ነው።

ብብቱን ማጥለቅ ለምን ያባብሰዋል

እጅ የማያስነሣ ልብስ ሲያጋጥም የማንኛውም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ አንድ ነው፦ «ጠብቧል፣ ላስፋው»። መቀስ ይነሣና ከብብቱ ሥር 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ይቆረጣል። እጁ ሲወርድ እውነትም ሰፋ ያለ ይመስላል። እጁ ሲነሣ ግን ልብሱ ከቀድሞው ይልቅ ይነሣል። ይህ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

እጅ ወደ ላይ ሲነሣ የሚወጠረው የትኛው መስመር ነው? ከታችኛው ጠርዝ ተነሥቶ በጎን ስፌቱ ሽቅብ የሚሄድ፣ ብብት ጋ የሚደርስ፣ ከዚያ በእጅጌው የውስጥ ስፌት በኩል እስከ አንጓ የሚዘልቅ አንድ መስመር ነው። እጅ ወርዶ ሳለ ይህ መስመር ብብት ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። እጅ ሲነሣ እጥፉ ይዘረጋና ሙሉ ርዝመቱ ይፈለጋል። ቁጥር እናስገባ። የጎን ስፌቱ 42 ሴንቲሜትር፣ የእጅጌው የውስጥ ስፌት 43 ሴንቲሜትር ቢሆን በጠቅላላው 85 ሴንቲሜትር አለን። ብብቱን 3 ሴንቲሜትር ዝቅ ስናደርግ የጎን ስፌቱ 39 ይሆናል። እጅጌውም ከጠለቀው ክብ፣ ማለትም እሱ ከሚሰፋበት የአካሉ ቀዳዳ ጋር እንዲገጥም ሲስተካከል የእሱም የውስጥ ስፌት 3 ሴንቲሜትር ያጥራልና 40 ይሆናል። 85 የነበረው 79 ሆነ። ለማስፋት የተቆረጠው 3 ሴንቲሜትር 6 ሴንቲሜትር በላ። የጎደለው ከየት ይመጣል? ከታች ጠርዙ ይነሣል፣ ከላይ እጅጌው ይሸሻል፤ ሌላ ማምጫ የለውም።

መፍትሔው እንግዲህ ስሜት ከሚነግረን ተቃራኒ ነው፦ ብብቱ ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ሰውነት ሲጠጋ እጅ ይፈታል። የዳንሰኛና የመድረክ ልብስ የሚሰፉ ባለሙያዎች ብብትን ከፍ የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

ምን ያህል ከፍ ይበል? እጅጌ ላለው፣ ከማይለጠጥ ጨርቅ ለሚሰፋ ሸሚዝ የክቡ ሥር ከራሱ ከብብት ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ ይበቃዋል። ሌላ ልብስ ከሥሩ የሚለበስ ከሆነ 4 ሴንቲሜትር ድረስ ይሄዳል። ከ1.5 ከቀነሰ ደግሞ መቆርቆር ይጀምራል፤ ከፊት በኩል በብብቱ ጥግ ላይ ጨርቁ ይጨማደዳል፣ ቆዳ ይቀላል። እጅጌ የሌለው ልብስ ሲሆን 1 ሴንቲሜትር ያህል ቢርቅ ነው የሚያምረው፤ የውስጥ ልብስ አያሳይም።

አለካኩ እንዲህ ነው። ወገብ ላይ ክር ይታሰራል። እርሳስ ወይም ቀጭን ማስመሪያ ብብት ውስጥ አግድም ይያዝና እጅ ይወርዳል። ከእርሳሱ የላይኛው ገጽ እስከ ክሩ በጎን በኩል ይለካል። 20 ሴንቲሜትር ከመጣ የፓተርኑ የጎን ስፌት ከወገብ መስመር እስከ ብብት 17.5 ወይም 18 መሆን አለበት ማለት ነው። 15 ሆኖ ካገኙት ሸሚዙ ገና ሳይቆረጥ ለምን እንደማይለበስ አወቁ።

ፓተርኑን ማስተካከሉ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ከብብቱ ጥግ ላይ ወረቀት ተለጥፎ የፊቱም የኋላውም ነጥብ በእኩል ከፍ ይላል፣ ለምሳሌ 2.5 ሴንቲሜትር። ከዚያ ከክቡ መካከል ጀምሮ ጠመዝማዛው እንደገና ይሠመራል። እጅጌውም ላይ ግራና ቀኝ ያሉት የብብት ነጥቦች በዚያው 2.5 ሴንቲሜትር ከፍ ይላሉ። ብዙዎች የሚረሱት ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ረስተውት ሲሰፉ እጅጌው ከክቡ ይበልጥባቸውና ዙሪያውን ይጨማደዳል። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት የእጅጌው ወረቀት ጠርዝ በክቡ ወረቀት ጠርዝ ላይ ትንሽ በትንሽ እየዞረ ይለካ። ለሸሚዝ እጅጌው ከክቡ ከግማሽ እስከ 1 ሴንቲሜትር ቢበልጥ ይበቃል። 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር የሚበልጥ እጅጌ የኮት ነው፤ እሱን በካውያ እንፋሎት እየሰበሰቡ ማስገባት ሌላ ሙያ ይጠይቃል።

መሰላሉ

ብብቱ ተስተካክሎም እጁ የሚያዝበት ልብስ አለ። ያኔ ዓይን ወደ እጅጌው ራስ ይዙር፤ ማለትም ከክንዱ ሰፊ መስመር ተነሥቶ ትከሻ ላይ እስኪደርስ ድረስ ያለው ጉብታ።

ግድግዳ ላይ የተደገፈ መሰላል እናስብ። መሰላሉ አይረዝምም፣ አያጥርም። ጫፉ ከፍ ሲል እግሩ ወደ ግድግዳው ይጠጋል፤ ጫፉ ዝቅ ሲል እግሩ ይርቃል። የእጅጌው ራስ ጠርዝም እንዲሁ ነው። ክቡ 46 ሴንቲሜትር ከሆነ ጠርዙም ከዚያ ብዙ ሊለይ አይችልም። የራሱን ከፍታ ከ14 ወደ 10 ሴንቲሜትር ስናወርደው የክንዱ ስፋት 4 ወይም 5 ሴንቲሜትር ይጨምራል። ከፍ ያለ ራስ ያለው ቀጭን እጅጌ ወርዶ ሲቆም ያምራል፣ ሲነሣ ግን ይይዛል። ዝቅ ያለ ራስ ያለው ሰፊ እጅጌ ሲነሣ ነጻ ነው፣ ሲወርድ ግን ከብብቱ ሥር የተንሸዋረሩ እጥፋቶች ያወጣል።

ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚሰጥ እጅጌ የለም። ይህን መቀበል ብዙ ሰዓት ያተርፋል፤ እነዚያን እጥፋቶች ለማጥፋት ፓተርኑን አሥር ጊዜ የሚያሻሽሉ ሰዎች የሚያጠፉት እንቅስቃሴውን መሆኑን አያስተውሉትም። ለእኔ ምርጫው ግልጽ ነው። ለዘወትር ሸሚዝ ራሱ ከ9 እስከ 11 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ እጥፋቱም ቢኖር ይኑር። ለሥራ ልብስ ከዚያም ዝቅ ይበል። ከፍ ያለው ራስ ለኮት ይቀመጥ።

ዝቅ ያለ ራስ ሌላም ጥቅም አለው፤ እጅጌውን ጎኑ ሳይገጠም ጠፍጣፋ አድርጎ መስፋት ይቻላል። ትከሻው ይሰፋል፣ እጅጌው ተዘርግቶ ክቡ ላይ ይሰፋል፣ ከዚያ ከታችኛው ጠርዝ እስከ እጅጌው ጫፍ ጎኑ በአንድ ትንፋሽ ይዘጋል። ለቀጭን የሸሚዝ ጥጥ 70 ቁጥር፣ ለመካከለኛው 80 ቁጥር መርፌ ይበቃል። የእያንዳንዱ ስፌት ርዝመት 2.5 ሚሊሜትር ይሁን፤ ከብብቱ ሥር ባለው ግማሽ ክብ ግን ወደ 2 ሚሊሜትር አሳጥሬ ሁለተኛ መስመር እደግምበታለሁ። እዚያ ጨርቁ ድሩንም ማጉንም ሳይከተል በሰያፍ የተቆረጠ ስለሆነ ይሳባል፣ ክሩ ግን አይሳብም። ብብት ላይ ስፌት ቶሎ የሚበጠሰው በዚህ ነው። አጭር ስፌት በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ብዙ ክር ስለሚይዝ ትንሽ ይለቃል።

ከመቁረጥ በፊት

ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ የሚታወቅ ቢሆንም የሚረጋገጠው ሰውነት ላይ ነው። ከአቡጀዲ የሚሰፋ የሙከራ ሸሚዝ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ኮሌታ፣ ኪስ፣ ቁልፍ አይገባበትም፤ የፊቱ፣ የኋላው፣ አንድ እጅጌ ብቻ። የስፌቱ ርዝመት ወደ 4 ወይም 5 ሚሊሜትር ይለቀቅና በቀላሉ እንዲፈታ ይደረጋል። ከዚያ መስታወቱን ትቶ መንቀሳቀስ ነው፦ አንድ እጅ ወደ ላይ፣ ሁለት እጅ ወደፊት እንደ መኪና ነጂ፣ እጅ ወደ ኋላ እንደ ቀበቶ አሳሪ፣ ከዚያ መቀመጥና ጫማ ማሰር። የታችኛው ጠርዝ 3 ወይም 4 ሴንቲሜትር ቢነሣ ያለ ነው። 10 ከተነሣ ብብቱ ይታይ። ሁለት እጅ ወደፊት ሲዘረጋ ጀርባው ከተወጠረ ደግሞ ጉዳዩ ብብት አይደለም፤ የኋላው ስፋት በትከሻ አጥንቶቹ መካከል አንሷል። መፍትሔው ከትከሻው ቁራጭ ሥር 3 ወይም 4 ሴንቲሜትር የሚወስድ ሽንሽን መሃል ላይ መያዝ ነው።

ጨርቁን አስቀድሞ ማጠብን ሁሉም ይመክራል፣ ግማሹ ብቻ ያደርገዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉ የለ፤ ሳይታጠብ የተቆረጠ ጥጥ ደግሞ ከፈሰሰ አይለቀምም። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ከ3 እስከ 5 በመቶ ቢያጥር የተለመደ ነው፣ አንዳንዱ ከዚያ ያልፋል። በግምት ከመሄድ ጨርቁ ላይ 50 በ50 ሴንቲሜትር የሆነ አራት ማዕዘን በክር ምልክት አድርጎ፣ ልብሱ ወደፊት በሚታጠብበት ውሃና ሙቀት አጥቦ፣ አድርቆ፣ በካውያ ተኩሶ መለካት ነው። በድሩ በኩል 48 ከመጣ 4 በመቶ አጥሯል። 60 ሴንቲሜትር የሆነ እጅጌ 2.4 ሴንቲሜትር ያጣል፤ 46 ሴንቲሜትር የሆነው ክብ ወደ 44 ይወርዳል። በደንብ የተለካ ብብት ከአንድ እጥበት በኋላ የሚጠብበት ምስጢር ይኸው ነው።

ስለ ሱሪና ጉርድ በአጭሩ ልበል፣ ጉዳዩ አንድ ነውና። ወንበር ላይ ተቀምጦ ከወገብ እስከ መቀመጫው ገጽ በጎን በኩል ይለካና ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ይጨመርበታል፤ ከወገብ እስከ እግር መለያያው ያለው ቁመት ያ ነው። ሲቀመጡ ከኋላ የሚወርድ ሱሪ በጎኑ ሰፊ ቢሆንም የኋላው መሃል ስፌት አጥሮበታል። መስመሩን ከላይ 2 ሴንቲሜትር ያህል ማስረዘም እንጂ ወገቡን ማጥበብ አይረዳውም። ዳሌም ተቀምጦ ሲለካ ከቆመው በጥቂት ሴንቲሜትር ይበልጣል፤ የማይለጠጥ ጨርቅ ጉርድ የሚሰፋ ሰው የተቀመጠውን ልኬት ይያዝ።

ኪሮሽ ላይ ክብደቱ ራሱ ይቆርጣል

በኪሮሽ የሚሠራ ልብስ ላይ መቀስ የለም፤ ስለዚህ ሰው ብብቱ ያሰበበት ቦታ የሚቆይ ይመስለዋል። አይቆይም። የጥጥ ክር ከባድ ነው። አንድ አጭር እጅጌ ያለው የጥጥ ሥራ እንደ መጠኑና እንደ ክሩ ውፍረት ከ300 እስከ 500 ግራም ሊመዝን ይችላል፤ ያ ሁሉ ክብደት ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ስለዚህ ብብቱ ሳይቆረጥ ይጠልቃል።

የናሙና ቁራጭ መሥራትን የሚያውቅ ሁሉ 15 በ15 ሴንቲሜትር ሠርቶ መሃሉን 10 ሴንቲሜትር ይለካል። ይህ ስፋቱን ያድናል። በ10 ሴንቲሜትር 16 ዓይን (በኪሮሽ የሚያዝ አንድ አንዱ ቀለበት) ለሚል ንድፍ 154 ዓይን ዙሪያው 96 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ እጁ የሚያጠብቅ ሰው 18 ዓይን ካወጣ ግን ያው 154 ዓይን 85.5 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። የሁለት ዓይን ልዩነት ከ10 ሴንቲሜትር በላይ ወሰደ። መድኃኒቱ ኪሮሹን በግማሽ ሚሊሜትር ከፍ ማድረግ ነው፤ «ላላ አድርጌ እሠራለሁ» ማለት ሦስት መስመር ሳይቆይ ይረሳል።

ቁመቱን ግን ተኝቶ የተለካ ናሙና አይነግረንም። ናሙናው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ከላይ በኩል በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅሎ፣ ከታች ሌሎች መቆንጠጫዎች ተንጠልጥለውበት ይደር። ጠፍጣፋ ሳለ 8 ሴንቲሜትር የነበረው 10 መስመር ጠዋት 8.6 ከሆነ 7.5 በመቶ ወርዷል። 20 ሴንቲሜትር ተብሎ የተሠራ የብብት ጥልቀት 21.5 ይሆናል፤ 55 ሴንቲሜትር የነበረው ቁመትም ወደ 59 ይሄዳል። ስለዚህ ብብቱ በ18.5 ሴንቲሜትር ይቁም፤ ሲለበስ ወደ 20 ይወርዳል። የኪሮሽ ልብስ ዳሌ ላይ ደርሶ የሚያሳዝነው ለዚህ ነው፤ ተሠርቶ ሲያልቅ ጠረጴዛ ላይ ትክክል ነበር።

ትከሻው እንዳይሳብ ሁለቱ ወገኖች ከተገጣጠሙ በኋላ በስፌቱ ላይ ከውስጥ በኩል ጠበቅ ያለ አንድ የሰንሰለት መስመር ይሮጥበት፣ አለዚያም ቀጭን የጥጥ ጥብጣብ በእጅ ይሰፋበት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ ላይ በቁሙ ይሠራል፤ አንድ የክር መስመር ግማሽ ኪሎ ይሸከማል። ወገብና እጅጌ ጫፍ ላይ መለጠጥ ከተፈለገ ደግሞ ጠርዙ ለብቻው እንደ ቀበቶ በቁመት ይሠራል፣ ኪሮሹም ከየዓይኑ የኋላውን ግማሽ ቀለበት ብቻ ይይዛል። ያኔ መስመሮቹ እንደ ላስቲክ ይሰበሰባሉ።

የብብቱን ዙሪያ ሲያጠናቅቁ በየመስመሩ ጫፍ ስንት ዓይን እንደሚነሣ ማወቅ ያስፈልጋል። መስመሩ ረጅም ከሆነ፣ ማለትም ሲዞር በ3 ሰንሰለት የሚነሣ ከሆነ፣ በየመስመሩ 2 ዓይን። በ1 ሰንሰለት የሚነሣ አጭር መስመር ከሆነ በየመስመሩ 1። ሲበዛ ጠርዙ ይንዠረገጋል፤ ሲያንስ ክቡ ይጠብና ልክ እንደ ጠለቀው ሸሚዝ እጅ ይይዛል። እዚህ ላይ ሲበዛ ፈትቶ መድገም ነው፣ ክር መፍታት አያሳፍርም።

ጀማሪዎች የሚወዱት ከአራት ማዕዘን ቁራጮች የሚገጣጠመው የኪሮሽ ሥራ የእጅጌ ራስ የለውም፤ መሰላሉ መሬት ላይ ተኝቷል ማለት ነው። እጅ ያስነሣል፤ ሲወርድ ግን የክሩ ውፍረት ሁሉ ብብት ሥር ይከማቻል። በ18ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ሸሚዝ ሰፊዎችም ከአራት ማዕዘን ቁራጮች ነበር የሚሰፉት፣ ጨርቅ እንዳይባክን፤ እነሱ ብብት ሥር ትንሽ ካሬ ቁራጭ ጣልቃ እያስገቡ እጅጌው ሳይሰፋ እጅ እንዲያስነሣ ያደርጉ ነበር። በኪሮሽም 6 በ6 ሴንቲሜትር የሆነ ካሬ ይበቃል።

ሲያልቅ ደግሞ አይሰቀል፣ ይታጠፍ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል፤ መስቀያ ላይ የከረመ የጥጥ ኪሮሽ ትከሻው ላይ ሁለት ቀንድ አብቅሎ ነው የሚገኘው።

ለተቆረጠው ሸሚዝ

ያ ተጣጥፎ የቀረው ሸሚዝ ብብቱ ከሚገባው 3 ሴንቲሜትር ጠልቋል። የተቆረጠ ጨርቅ አይመለስም፤ ጣልቃ ቁራጭ ግን መግባት ይችላል።

የእጅጌው ስፌት ከጎን ስፌቱ ጀምሮ ወደፊት 10፣ ወደ ኋላ 10 ሴንቲሜትር ይፈታል፤ የጎን ስፌቱ ራሱ አይነካም። አሁን ብብት ሥር በአካልና በእጅጌው መካከል 20 ሴንቲሜትር የሆነ አፍ ተከፈተ። የሚገባው ቁራጭ የቅጠል ቅርጽ አለው፦ ርዝመቱ 18፣ መሃሉ ላይ ስፋቱ 8 ሴንቲሜትር፣ ሁለት ጫፉ የሾለ። ርዝመቱ 18 ቢሆንም ጠርዙ ቅስት ስለሆነ ሲለካ 20 ይመጣል፣ ከተከፈተው አፍ ጋርም ይገጥማል። ዙሪያውን 1 ሴንቲሜትር የስፌት ትርፍ ይጨመርና በሰያፍ ይቆረጣል፤ በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ብብት ውስጥ ሲታጠፍ አይቆረቁርም።

ጨርቁ ከየት ይመጣል የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። የተረፈ ቁራጭ ካለ መልካም፤ ግን ሸሚዙ ብዙ ጊዜ ታጥቧል፣ ቁራጩ ግን ምናልባት አልታጠበም። ሳይታጠብ ከገባ በመጀመሪያው እጥበት እሱ ብቻውን አጥሮ ብብቱን ይጨማድደዋል። ሁለት ጊዜ ታጥቦ፣ ተተኩሶ ይግባ። ቁራጭ ከሌለ ከደረት ኪሱ ይወሰዳል።

መጀመሪያ የሚሰፋው ከአካሉ ጋር ነው። የቅጠሉ መሃል ከጎን ስፌቱ ጋር ይገጥምና ከመሃል ወደ ጫፍ ይሰፋል፣ አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ። ከጫፍ ወደ ጫፍ በአንድ ጊዜ የሰፋ ሰው ሰያፉ ጨርቅ ተስቦበት መጨረሻ ላይ ትርፍ ይዞ ይቀራል። ከዚያ ሌላኛው ጠርዝ ከእጅጌው ጋር፣ እንዲሁ ከመሃል ወደ ጫፍ። ሹል ጫፎቹ ላይ ስፌቱ ከቀድሞው የእጅጌ ስፌት ጋር በትክክል ይገናኝ፤ 2 ሚሊሜትር እንኳ ቢዘል ቀዳዳ ይቀራል፣ ቢያልፍ ደግሞ ትንሽ እጥፋት ይያዛል። ለዚህ እነዚያን ጫፎች በስፌት መኪና ከመታገል በእጅ አምስት ስድስት ጊዜ መውጋት ይሻላል። የውስጡ ትርፍ ወደ 6 ሚሊሜትር ይቆረጥና ጠርዙ ይጠለፋል፣ ከዚያ ሁሉም ወደ አካሉ ተገልብጦ ይተኮሳል።

እጅ ሲወርድ ቅጠሉ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ከውጭ አይታይም። ሁለት እጅ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ሲዘረጋ ይከፈታል። የታችኛው ጠርዝ በሜትር ሲለካ የተነሣው 3 ሴንቲሜትር ነው።